ፊውል ከትን «ጠላት» ያደረገው ማነው?

«ቲቸር፣ ያስተማሩኝን ነው እኮ የሠራሁት።»

ይቺ ንግግር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። የተናገራት የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሰርኪዩት ሲያይ ዓይኑ የሚበራ። ተራ ስታርሌቱ ላይ ያቺን ፎር ኢ ኤፍ ቲ ኢ የምትባለውን የ1.3 ሊትር ቱርቦ ሞተር ከነኮምፒውተሯ አስገጥሞ ነበር። አሁን ሞተሩ ወርዷል። ቴስታታው ሲነሳ የአንዱ ፒስተን ጠርዝ እንደ ሻማ ፈስሶ ተገኘ፤ ካንዴላው ላይ የአልሙኒየም ጠብታ ተጣብቋል። ስንት ዓመት ያጠራቀመው ብር ነው።

ጥፋተኛዋ ከሬዚስተርና ከዜነር ዳዮድ ራሱ የሠራት ፊውል ከት ዲፌንደር ናት። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ግፊቱን በቮልቴጅ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል፣ መኪናውም ገታ ይላል። ፊውል ከት ማለት ይኸው ነው። ዲፌንደሯ መሃል ገብታ ቮልቴጁን ከመቁረጫው ትንሽ ዝቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ከዚያ በኋላ ግፊቱ የፈለገውን ያህል ይውጣ፣ ኮምፒውተሩ የሚሰማው ያችኑ አንድ ቁጥር ነው።

ቴሌግራም ላይ «ፋብሪካው አስሮታል፣ እኛ እንፈታዋለን» እያላችሁ የምትሸጡ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ ሞተር የነዳጁን መጠን የሚወስነው በየትኛው ሴንሰር ነው? በዚያው ነው እኮ! ሌላ የአየር መለኪያ የለውም። ስለዚህ ያፈናችሁት ማስጠንቀቂያውን ብቻ አይደለም። አየሩ ይጨምራል፣ ነዳጁ ባለበት ይቆማል፤ ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜም በዚያው የውሸት ቁጥር ይሰላል። ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ሞተሩ መምታት ይጀምራል። ንጹህ አልሙኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፣ የፒስተኑ ቅይጥ ደግሞ እዚያም ሳይደርስ። «ናፍጣ ላይ ገጥመን ምንም አልሆነም» የምትሉም አላችሁ። ናፍጣ ሌላ ነው፤ ትርፍ አየር የናፍጣን ፒስተን አያቀልጥም፣ እዚያ የሚሰቃየው ቱርቦው ነው። ቤንዚን ላይ አታምጡት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ይሄ ነው። «ጃፓን ውስጥ 0.8 ባር ላይ ይቆርጣል ይላሉ፣ የእኔ 1 ባር እስኪደርስ አልቆረጠም፣ ሞተሬ ጠንካራ ነው» አለኝ። ወይ ጉድ! ሴንሰሩ የሚለካው ፍጹም ግፊትን ነው፤ ጌጁ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ። ባሕር ዳርቻ ላይ የውጭው አየር 101 ኪሎፓስካል ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76። መቁረጫው 180 ነው እንበል። እዚያ ጌጁ 79 ሲያሳይ ይቆርጣል፣ እዚህ 104 እስኪደርስ ይታገሳል። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ፊውል ከት ከመጣባችሁ ቱርቦው አየሩን ከ2.3 እጥፍ በላይ እየጨመቀው ነው ማለት ነው፤ እታች ቢሆን 1.8 እጥፍ እንኳ አይሞላም። የቱርቦውን ብቃት 70 በመቶ ይዛችሁ አስሉት። 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ኢንተርኩለር ሳይደርስ ከ135 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ እታች 95 አካባቢ። እኛ ማደያ ደግሞ ቤንዚን አንድ ነው፣ ኦክቴን መርጠህ አትቀዳም።

መሣሪያዋን ጠልቼ አይደለም። ኤችኬኤስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ራሱ ሠርቶ ሸጧታል። ግን የምትገጠመው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ለተጨማሪው አየር እንደሚበቁ ይረጋገጣል፣ ትርፉን ነዳጅ የሚሰጥ ነገር ይገጠማል፣ ማርሚታው ላይ ሰፊ ልኬት ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ገብቶ በሙሉ ጭነት ቅልቅሉ 12 ለ1 አካባቢ መሆኑ ይታያል። ሴንሰሩ ስንት ቮልት ላይ እንደሚያስቆርጥ በመልቲሜትር ተለክቶ ይጻፋል። የእኛ ሰዎች ግን ዳገት ላይ እየነዱ «አሁንም ቆረጠ? ጨምር! አሁንስ?» እያሉ ቁልፏን ያዞራሉ። መቁረጡን ሲያቆም «ተስተካከለ» ይባላል። ይሄ ብር ካለ ደግሞ ነዳጁንም መቁረጫውንም እንደገና የሚጻፍበት ኮምፒውተር መግዛት ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደቆረጠ ይጠየቃል። የልጁ ሞተር ላይ ከቱርቦው ወደ ዋስትጌቱ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ በፕላስተር ታስራ አገኘኋት። ዋስትጌቱ ግፊት ካልደረሰው አይከፈትም፣ ካልተከፈተ ቱርቦው ማቆሚያ የለውም። ፊውል ከቱ ሲጮህ የነበረው ስለዚች ቱቦ ነው! የሁለት ማኪያቶ ዋጋ አታወጣም።

ይሄ ልማድ የቱርቦ ልጆች ብቻ አይደለም። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል፣ የሞተር መብራት ሲበራ አምፖሉን የሚነቅል መካኒክ ያላጋጠመው ማነው?

እኔም አለሁበት። ቮልቴጅ መከፋፈልን አስተምሬዋለሁ፤ ሬዚስተሩን አስላ ብዬ ፈትኜዋለሁ፣ አሥር ከአሥር አግኝቷል። ያ ቮልቴጅ ለማን ምን እየነገረ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ጥያቄው ይቀየራል።

ቅዳሜ መልቲሜትሬን ይዤ ልጁ ጋ እሄዳለሁ። ዲፌንደር የገጠማችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ኮፈኑን ክፈቱና ያችን ቱቦ ፈልጉ፤ ፎቶዋን ኮመንት ላይ ጣሉልኝ።