«በደቂቃ 40 ጠብታ»፦ ጎዶሎ ትእዛዝ

በሕመምተኛ ካርድ ላይ «በደቂቃ 40 ጠብታ» ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ የተሟላ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የጠብታው ትልቀት የሚወሰነው በጉሉኮስ ቱቦው ነው። በአንዱ ቱቦ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በሌላው 15 ይበቃል፤ ጠብታው ደቃቅ በሆነው ቱቦ ደግሞ 60 ያስፈልጋል። ቁጥሩ በማሸጊያው ላይ ታትሟል፤ ቱቦው ከተሰካ በኋላ ግን ማሸጊያውን ማን ያስቀምጠዋል?

ቀመሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የፈሳሹ መጠን በቱቦው የጠብታ ቁጥር ተባዝቶ ለደቂቃዎቹ ይካፈላል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ላይ ሳለ ሾክ ውስጥ የገባ፣ 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን እንውሰድ። በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ 15፣ በጠቅላላው 120 ሚሊ ሊትር ሊሰጠው ይገባል። በባለ 20 ቱቦ ይህ በደቂቃ 40 ጠብታ ነው። ሕፃኑ ከሂርና ወይም ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ተላከ፤ ቱቦው በባለ 15 ተተካ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 40 ግን አልተለወጠም እንበል። አሁን በሰዓት የሚገባው 160 ሚሊ ሊትር ነው። በረሀብ የደከመ ልብ ይህን አንድ ሦስተኛ ትርፍ ላይሸከም ይችላል፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል። ምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ እንደ 2008 ዓ.ም. ያለ ድርቅ ያየ ምድር ነው።

ቱቦው ደቃቁ ባለ 60 ቢሆን ኖሮ ሕፃኑ በሰዓት 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ባገኘ ነበር፤ ይህም በሾክ ውስጥ ላለ ልጅ ከትርፉ ያልተናነሰ አደጋ ነው።

ፓምፕ በሌለበት ክፍል ነርሷ የምትቆጥረው ጠብታ እንጂ ሚሊ ሊትር አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጠብታ የቆጣሪዋ እንጂ የአዛዡ መለኪያ ሊሆን አይገባም። ሐኪሙ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ ይዘዝ፤ ነርሷ በእጇ ባለው ቱቦ ልክ ወደ ጠብታ ትመልሰው፤ የቱቦውንም ቁጥር ከጎኑ ትጻፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው። በክፍል ልምምድም 20 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ ይመስል በየጥያቄው ከሚሰጥ፣ ተማሪው ማሸጊያውን ራሱ አንብቦ ቢያገኘው ይሻላል።

ለመመረቂያ ጥናቱ ርእስ የሚፈልግ ነርስ ከጭሮና ከአካባቢዋ ከተሞች የሪፈራል ወረቀቶች ቢጀምር መልካም ነው፦ ጠብታ ከተጻፈባቸው ውስጥ የቱቦው ዓይነት የተመዘገበው በስንቱ ላይ ነው?