የኮርች አጥር

በዚህ ሳምንት ስለ ባሕር ዛፍ አንድም ቃል እንደማልጽፍ ለአዘጋጁ ቃል ገብቼለታለሁ። እሞክራለሁ። ያናደደኝ ነገር ሌላ ነው፤ ሰፈራችን “ጸድቷል”።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖር ሰው በታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከበሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ ጋጋኖ። አምስት ስድስት ሆነው ከእንጦጦ በኩል ወደ ቀበና ወንዝ ሲወርዱ ጩኸታቸው በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች ያስመስላቸዋል። ይህ መንቁሩ የቆለመመ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ፈረንጆች እሱን ለማየት ከፍለው፣ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። እኛ እንቅልፋችንን ስለቀማን እንረግመዋለን።

የምሄደው ቀስ ብዬ ነው። እየሮጡ የሚያልፉኝ ወጣቶች “አባባ፣ ይበርቱ!” ይሉኛል፤ የደከመኝ ይመስላቸዋል። ቀስ የምለው ከመንገዱ ማብቂያ ላለው አጥር ስል ነበር። ማን እንደተከለው የማይታወቅ የኮርች አጥር ነው። ቅርንጫፉን ቆርጠው መሬት ከሰኩት ሥር ይሰዳልና ድሮ አጥር የሚታጠረው እንዲህ ነበር። እንዶድ ተንጠላጥሎበታል፣ ከግርጌው ሳማ በቅሏል፣ በሳማው ቅጠል ላይ ጤዛው እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ኮርቹ ቀይ አበባውን ሲያወጣ አንድ ትንሽ ወፍ ይመጣል። ከሩቅ ለሚያየው ጥቁር ነው። ፀሐይ በጎን ስታገኘው ግን ደረቱ ወይን ጠጅ ሆኖ ይበራል፤ አንገቱን ትንሽ ሲያዞር መልሶ ይጠቁራል። ሳይንሱ ስሙን የሰጠው በተከዜ ወንዝ ነው። ካንዱ አበባ ወዳንዱ እየዘለለ ወለላውን ሲመጥ እኔ እንደ ሥራ ፈት ቆሜ አየዋለሁ። ዘበኛው ጋሼም “ዛሬ ዘገየ” ወይም “ዛሬ ሚስቱን ይዞ መጣ” እያለ ሪፖርት ያቀርብልኛል።

ማክሰኞ ዕለት የሰፈሩ ኮሚቴ አጥሩን አስቆረጠው። “ለሌባ መደበቂያ ሆነ” ነው ምክንያቱ። እስከማውቀው ድረስ በሰፈራችን የተሰረቀው ሁሉ የወጣው በበር ነው፤ ክርክሩን እዚህ ላይ ዘግቻለሁ። አሁን በቦታው ቆርቆሮ ቆሟል። ከጀርባው ያሉትን ባሕር ዛፎች ግን የነካቸው የለም። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ በእንግድነት መጥቶ፣ ጽድና ወይራው ሲመናመን ቤቱን የወረሰ... በቃ፣ ቃሌን ላክብር።

አንድ አንባቢ ሰሞኑን ደውለው “ስለ ወፍና ስለ ቅጠል ከሚጽፉ ስለ ኑሮ ቢጽፉልን” አሉኝ። ስለ ኑሮ ይሁንልዎ። እንዶዱን እንያዝ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት የውሃ ዳር የሞቱት በዝተው አዩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ያስከተለው ይህ ብቻ ነው፤ ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ማየት። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የሚገባቸው ነው። እኔን የሚከነክነኝ የአጣቢዎቹ ነገር ነው። እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው የሚውሉት እነሱ፣ አረፋውን የሚያፈሱት እነሱ። የሞተውን ቀንድ አውጣ ከማንም በፊት አይተውታል ብዬ እወራረዳለሁ። ማን ጠይቋቸው ይናገሩ?

ስለዚህ ሄጄ ጠየቅሁ። እኛ ሰፈር ልብስ የሚያጥቡትን እናት ስለዚያ አጥር ምን ያስታውሳሉ አልኳቸው። ወፉን አይተውት አያውቁም። እንዶዱን ግን እኔ ከማውቀው በላይ ያውቁታል፤ የትኛው ሐረግ ቀድሞ እንደሚያፈራ፣ ፍሬው ሳይቀላ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ፣ ደርቆ እንደሚወቀጥ፣ የጥላው በኩል አረፋው እንደሚያንስ። ለጥምቀት ነጠላቸው ሲጠብቁት ነበር። “የዱቄት ሳሙናው ጥለቱን ያደበዝዝብኛል” አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በወንዙ በኩል፣ ከቆርቆሮው መጨረሻ ድንጋዩ ሥር አንድ ሐረግ ሳይቆረጥ እንደቀረ ነገሩኝ። “አደራ፣ ለኮሚቴው እንዳይነግሩብኝ።”

አልነግርም ብያለሁ። ኮሚቴው እንደሆነ ጋዜጣ አያነብም።