ሚያዝያ ላይ በረዶ፣ መስከረም ላይ አበባ

በ2010 ዓ.ም. ፋሲካ መጋቢት 30 ቀን ዋለ። በዋዜማው፣ በቅዳም ሥዑር፣ ካህናቱ እንደ ወጉ ቄጠማ አደሉን፤ እናቴም የእሷን ግንባሯ ላይ አስራ ወደ ቤት ገባች። ቄጠማው ርግቧ ለኖኅ ያመጣችለትን ለምለም ቅጠል፣ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረችበትን ምልክት ያስታውሳል። እኛ በምንኖርበት በሚኒያፖሊስ ግን ገና የጎደለ ነገር አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ፣ ከሚያዝያ 5 እስከ 8 ባሉት ቀናት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወረደ። የፈረንጆቹ ኤፕሪል ሲጠናቀቅ ጠቅላላው 66 ሳንቲ ሜትር ደርሶ፣ በከተማዋ ታሪክ ከተመዘገቡት ኤፕሪሎች ሁሉ በረዶ የበዛበት ሆነ።

እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአበባ መደቦቿ የነበሩበትን ነጭ ሜዳ ስታይ ቆየችና፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ፀደይ አይገባም እንዴ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነበር። በአባቶቻችን አቆጣጠር ፀደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል። በቁጥር ከሄድን ከገባ ሰንብቷል። «ክረምት» የሚለውን ቃልም ይዘነው ስንሰደድ ትርጉሙ እጃችን ላይ ተለውጧል። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ዘር አፈር ገፍቶ የሚወጣበት ወቅት ነው። እዚህ ክረምት የምንለው ዘር የሚተኛበትን፣ መሬት እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበትን ጊዜ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ብዙዎቻችን ይህን ወቅት ከዕድሜያችን የማንቆጥረው፤ እስኪያልፍ ብቻ የምንጠብቀው።

ሚኒሶታም ሆነ ቶሮንቶ፣ ኦስሎም ሆነ ስቶክሆልም፣ ብርድ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ በሙሉ ልቤ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለኝ። መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት ትንሽ የአበባ መደብ ነው፤ ትምህርቱም በኪሳራ ነው የጀመረው።

ቤት በገዛን በመጀመሪያው ዓመት አንድ የአትክልት መደብር ስገባ፣ ሽንኩርት የመሰሉ ሥሮች የያዘ ፓኬት ላይ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። እጄ እዚያው ቀረ። ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ በዱር የሚበቅል አበባ ነው። ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም አለው፤ አንገቱን አስረዝሞ አቀርቅሮ ያብባል፤ ሽታው ማታ ማታ ይበረታል። የበጋው ማብቂያ አካባቢ፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይፈነዳል። በልቤ አሰላሁት። ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል!

ሚያዝያ ላይ አራት አምስት ቀን ፀሐይ ሲወጣ አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ተከልኳቸው። በረዶው ተመልሶ መጣ። ሰኔ ላይ ምንም ሳይበቅል ሲቀር ቆፍሬ ባየው፣ ሥሮቹ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ጣቴ ላይ ፈረሱ። አጥር የሚያዋስኑን አሜሪካዊት አሮጊት ይህን አይተው አልሳቁብኝም። መሬቱ ዝግጁ መሆኑን የሚያውቁበትን መንገድ ነገሩኝ። እጅን አፈር ውስጥ ከትቶ እስከ ሃያ መቁጠር ነው፤ ጣት ከቀዘቀዘ ገና ነው።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። እዚህ በከባድ ክረምት ምድሩ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀዘቅዛል፤ የቤት መሠረት እንኳ ከዚያ በታች እንዲወርድ የግንባታ ደንቡ ያዝዛል። የሳምንት ፀሐይ የላዩን አፈር ብቻ ነው የሚያሞቀው። በዚህ የተነሣ የአካባቢው ሰው ውርጭ የሚፈሩ አበቦችን የሚተክለው በሜይ ሁለተኛ እሑድ፣ በእናቶች ቀን አካባቢ ነው። ግን ያም ችግር አለው። ይህ አበባ ከተተከለ በኋላ ለማበብ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ውርጭ ደግሞ መስከረም አጋማሽ ላይ ደጅ ሊቆም ይችላል። ቢቸኩሉ ይበሰብሳል፤ ቢዘገዩ እንቁጣጣሽ ያልፋል። መውጫው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሥሮቹን በማሰሮ ተክሎ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ማስጀመር ነው።

ክረምት የሥራ ጊዜ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ቱሊፕ ጥቅምት ላይ መሬት ይገባል። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ካልበረደው በቅጡ አያብብም፤ አበባውን የሚያሰናዳው ያ ብርድ ነው። እኛ ጠላት የምንለው በረዶም ለተኛው ሥር ብርድ ልብስ ነው። መሬቱን ጋቢ እንደ ደረበ ሰው ያደርገዋል፤ ከበረዶው በላይ አየሩ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲደርስ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው በረዶ ሳይኖር የሚመጣው ደረቅ ብርድ ነው። በመፀው የደረቀ ቅጠል የምንጎዘጉዘውም ለዚህ ነው። ጉዝጓዙን በመጀመሪያዋ ሞቃት ቀን መግፈፍ የለብንም፤ ተታሎ የወጣውን ለጋ ቅጠል የማታው ውርጭ ያቃጥለዋል። ምድሩ መላቀቅ ሲጀምርም ጭቃው ላይ መመላለስ የለብንም፤ የተረገጠ እርጥብ አፈር ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ሥርም አያስገባም። በየወሩ ምድር ቤት ወርዶ፣ ጥቅምት ላይ ተቆፍረው የተቀመጡትን የግላዲዮለስ ሥሮች ማገላበጥ፣ የሻገተውን ለይቶ ማውጣት አለ። ማሰሮዎቹን ከቤት የምናወጣበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት እያልን ከነፋሱ ጋር እናለማምዳቸዋለን።

እናቴ ከዚህ ሁሉ የራሷን ሥራ መርጣ ያዘች። አንድ ቀን ለወፎች የሚሰጥ እህል ገዝቼ ስገባ፣ ከረጢቱን ከፍታ ዘገን አደረገችና፣ «ኑግ! ይህ እኮ ኑግ ነው!» ብላ ጮኸች። ልክ ነበረች። አሜሪካኖች ለወፍ የሚሰጡት ይህ ጥቁር ፍሬ ከኢትዮጵያና ከሕንድ የሚመጣ ኑግ ነው። በማግሥቱ አንድ እፍኝ በማሰሮ ዘራች፤ አንዲትም አልበቀለች። አብረው የሚመጡ የአረም ዘሮች እንዳይበቅሉ፣ ወደዚህ የሚገባው ኑግ በሙቀት ይታከማል። ይህን ስነግራት ብዙ አዘነች፤ ነገር ግን ከረጢቱን አልጣለችውም። በየጠዋቱ ካፖርቷን ደርባ ኑጉን ለወፎቹ ማንጠልጠል ጀመረች። ጎልድፊንች የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፤ ክረምቱን አመድ መስላ ትከርማለች። በዚያ ክፉ ሚያዝያ፣ መደቡ ገና ነጭ ሳለ፣ ወንዶቹ ላባቸውን ለውጠው ቢጫ ሆነው መጡ። እናቴ ወደ መስኮቱ ጠራችኝና፣ «ተመልከት፣ አደይ ፈነዳ» አለችኝ። ለወራት ያልሰማሁት የደስታ ድምፅ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ስለዚያ ድምፅ፣ ክረምቱ ለወራት ስላፈነው ድምፅ ነው። ከጆሃንስበርግ ወደ ኒውዮርክ የመጣ ኖርማን ሮዘንታል የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ በክረምቱ ጉልበቱ ሲዝል የራሱን ሁኔታ ታዝቦ ነበር፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የወቅት ድብርት ሕመም መሆኑን ገልጾ ለዓለም አሳወቀ። ከእኛው አህጉር፣ ፀሐይ ከማይነጥፍበት የመጣ ሰው ነው። እኛ ግን ወላጆቻችንን ከአገር ቤት እናመጣለን፤ ሞቅ ያለ ክፍልና ቴሌቪዥን እንሰጣለን፤ ሁለት ፈረቃ ስንሠራ ውለን እንገባለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎረቤት ሲጠይቁ፣ ጓሮ ሲኮተኩቱ የኖሩ ሰዎች ለስድስት ወር ግድግዳ ያያሉ። ዝም ሲሉ «ደኅና ናቸው» እንላለን። ድብርቱ የበረታበት ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ይህን ማሳፈሪያ ማድረጋችንን እንተው። ከሕክምናው ጎን ግን ሰው ጠዋት የሚነሣለት ነገር ያስፈልገዋል። ውኃ የምትጠብቅ አንዲት ማሰሮ ሰው ታስነሣለች።

እኛም ብንሆን፣ «ነገ እንገባለን» እያልን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሻንጣችንን ሳንፈታ የኖርን አለን። ቋሚ አበባ መትከል አገርን መርሳት የመሰለን አለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አፈሩን በእጄ ከነካሁ በኋላ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። አገሬን ይበልጥ ያሰብኩት የዚህን አገር መሬት ጠባይ ስማር ነው። ግቢ የሌላችሁ በረንዳ ወይም መስኮት ይበቃችኋል፤ በብዙ ከተሞችም በትንሽ ክፍያ የሚከራይ የጋራ የአትክልት ቦታ አለ።

በዚያ በረዶ በበዛበት ዓመት እናቴ ከአሥራ ሁለት ሥሮች አሥራ አንዱን አበቀለች። ለመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሱት ሦስት ነበሩ። አንዱን ለአጥር ጎረቤታችን ወሰደችላቸው፤ ሁለቱን ረከቦቱ አጠገብ በብርጭቆ አቆመቻቸው። ዕጣኑ ሲጨስ ሽታቸው ከጢሱ ሥር ይመጣ ነበር። የቀሩት ከውርጩ በፊት ተራ በተራ ፈነዱ።

ጥቅምት ላይ ስንቆፍራቸው እያንዳንዱ ሥር ዙሪያውን ጥቃቅን ልጆች ወልዶ አገኘነው። ጥቃቅኖቹ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። እናቴ አራገፈቻቸው፤ አደረቀቻቸው፤ ከዚያ በካኪ ከረጢት ስድስት ስድስት አድርጋ ቋጠረቻቸው። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ነበር። በየከረጢቱ ላይ እንድጽፍላት የነገረችኝም ይህን ነው፦ «ሚያዝያ እኩሌታ ላይ፣ ቤት ውስጥ። አትቸኩሉ።»