ፍራሽ የተነጠፈለት ግድግዳና የቤዛዊት ዳገት



ውድ አንባቢያን፣ በባሕር ዳር ስለ ስፖርት ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ወንዶች ልጆች በየሜዳው የሚጫወቱት ኳስ ነው። እናትና ሴት ልጅ፣ ዕድሜው የገፋ አባትም ብዙውን ጊዜ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ቤተሰብ አንድ ላይ የሚንቀሳቀስበት ስፖርት የለምን? ለዚህ ጥያቄ የሚረዳን ምሳሌ ከጃፓን እናምጣ።

በጃፓን ከተሞች አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ መውጣት የተለመደ ስፖርት ነው፤ ስሙም ቦልደሪንግ ይባላል። መነሻው ተራራ ወጪዎች በትላልቅ ቋጥኞች ላይ ያደርጉት የነበረው ልምምድ ነው። ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይረዝማል። ገመድ የለውም፤ ከሥሩ ግን ወፍራም ፍራሽ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። በላዩ ላይ በብሎን የታሰሩ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም መያዣዎች አሉ። እንግዳ ሲመጣ ተመዝግቦ ደንቡን ይፈርማል፣ ጠባብ የመውጫ ጫማ ይከራያል፣ እጁን ላብ እንዳያንሸራትተው ነጭ ዱቄት ይቀባል፤ ከዚያ የመረጠውን መንገድ ይጀምራል።

መንገዶቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። ካራቴ የሚማሩ ወጣቶቻችን «ኪዩ» እና «ዳን» የሚሉትን ቃላት ያውቋቸዋል። ጃፓኖች ግድግዳውንም የሚለኩት በእነዚሁ ነው። ጀማሪ ከ10ኛ ወይም ከ8ኛ ኪዩ ይነሣል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ መንገዱ ይከብዳል፤ ከ1ኛ ኪዩ በላይ ያለው ዳን ይባላል። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ ትንሿ ልጅ ቀላሉን፣ ወንድሟ ከባዱን፣ አባታቸው መካከለኛውን ይሞክራሉ። አንዱ ሌላውን ወደ ኋላ አይጎትትም፤ አቅም አነሰህ ተብሎ የሚባረርም የለም።

እዚያ በመጀመሪያ የሚሰጠው ትምህርት አወዳደቅ ነው። ወዳቂው በሁለት እግሩ አርፎ ጉልበቱን ያጥፋል፣ እጁን ወደ ኋላ ሳይዘረጋ በጀርባው ይንከባለላል። ሥነ ሥርዓትም አለው፤ ከወጪው ሥር አይቆምም፣ ተራ ይጠበቃል። ወድቆ የተነሣው ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ «ቀኝ እጅ ይቅደም ወይስ ግራ እግር?» እያለ ይመክራል፣ ደግሞም ይሞክራል። ሴቶችም በዚህ ስፖርት ስመ ጥር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የመውጣት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ለጃፓን ብርና ነሐስ ያስገኙት ሚሆ ኖናካና አኪዮ ኖጉቺ የተባሉ ሴቶች ነበሩ።

«ሴት ልጅ ከስፖርት ምን አላት?» የሚል ካለ ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸውን ያስታውስ። በሐዲስ እንደተዘገበው አንድ ጊዜ እርሷ ቀድማለች፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እርሳቸው ቀድመዋል። ሒጃብ የለበሰች ልጃችን እግሯ የሚፈታበት፣ ሳንባዋ የሚከፈትበት ሰዓትና ቦታ ልናመቻችላት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆችና ለታዳጊዎች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሲመክር ወንድና ሴት ብሎ አልለየም።

ለዚህ የግድ የጃፓን አዳራሽ አያስፈልገንም። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መንገድ አለው። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቀኝ ወንዙን ይዞ የሚሄድ ሰው የቤዛዊትን ኮረብታ ያገኛል። ከላይ ሲታይ ጣና ባንድ ወገን፣ ከጣና የወጣው ዓባይ በሌላው ወገን ነው። ዳገቱ ግድግዳ አይደለም፤ የግድግዳውን ደረጃ ግን ልንዋሰው እንችላለን። አያት እስከ መጀመሪያው ጥላ፣ እናትና ትንሿ ልጅ እስከ አጋማሹ፣ ወጣቶቹ እስከሚፈቀደው ድረስ ይውጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ከትናንቱ ጥቂት እርምጃ ይጨምር። ባልና ሚስት ተያይዘው ቢወጡ፣ ልጆች የአባታቸውን ማለክለክ ሰምተው ቢስቁ፣ ይህ ራሱ ለቤት ፍቅር ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ አጣሩ። አናት ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ስለሚጠበቅ የዘበኞችን ትእዛዝ አክብሩ። ከፈጅር ወይም ከዐስር ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ፀሐዩ ይቀላል፤ ከመግሪብ በፊት መመለስ ነው። ውኃ ያዙ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር። ልጆች ሆይ፣ ፍራሽ የሌለው ግንብ ቦልደሪንግ አይደለምና በአጥርና በግድግዳ ላይ አትንጠልጠሉ።

እንግዲህ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን መርጣችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ተነሡ። ስትነሡም ሴት ልጆቻችሁን ቤት ጠባቂ አድርጋችሁ አትተዉ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።