«ፖዘቲቭ» ማለት ደግ ዜና ነውን?

በወረርሽኝ ጊዜ ሕዝብ ምን እንደሚሰማው ኮምፒዩተር ይነግረናል የሚሉ ወገኖች አሉ። በፌስቡክና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኤክስ በተባለው በትዊተር ላይ የተጻፈውን በሺህና በሚሊዮን እየሰበሰቡ፣ ደግ፣ ክፉ፣ መካከለኛ እያሉ ይለዩታል። በኮሮና ጊዜ ይህ ሥራ በብዙ አገር ተሠርቷል። እኔ ሥራውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ቁጥሩ እንደወጣ «ሕዝቡ እንዲህ ብሏል» ተብሎ መደምደሙን ነው።

እስቲ ከቋንቋ እንነሳ፤ የኛው የመምህራን ጉዳይ ነውና። አንዱ የተለመደ አሠራር የደግና የክፉ ቃላት ዝርዝር ይዞ መቁጠር ነው። ታዲያ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው ዝርዝር ከደጎቹ ወገን ተቀምጧል። አንዲት ልጅ «እናቴ ፖዘቲቭ ሆነች» ብላ ስታለቅስ፣ ዝርዝሩ ካልታረመ በቀር መኪናው ደስታ ብሎ ይመዘግብላታል! በአማርኛማ ይብሳል። «አልፈራሁም» አንድ ቃል ነው፤ አፍራሹ ከፊትም ከኋላም ተጣብቆበታል። ግንዱን ብቻ የሚያይ መኪና ፍርሃት ብሎ ይቆጥረዋል። አንዱ «ሀኪም» ሌላው «ሐኪም» ብሎ ቢጽፍም፣ አስቀድሞ ካላስተካከሉለት ለመኪናው ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። (ፊደል ሲታረሙ የሚያኮርፉ ጓደኞቻችን ይህቺን ልብ ይበሉ።) ሽሙጡስ? «ጎበዝ! ማስክህን አገጭህ ላይ አንጠልጥል» የሚለው ምስጋና ነው ወይስ ስድብ?

ይህን የተረዱ ተመራማሪዎች ከ9 ሺህ በላይ አጫጭር የአማርኛ ጽሑፎችን ከትዊተር ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ለሦስት ሦስት ሰው አስነብበው ስሜቱን አስፈርደዋል፤ ሥራቸው በ2013 ዓ.ም. ቀርቧል። ሰው ፈርዶ መኪናው ከሰው ሲማር ያስኬዳል።

ግን ከቋንቋውም የሚከብድ ጉዳይ አለ፤ የሚናገረው ማነው? መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ነጭ ሽንኩርት ከዚህ በሽታ ለማዳኑ ማስረጃ እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት ቢገልጽም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ፌጦና ሎሚ መድኃኒት ነው መባሉ አልቀረም። ይህ ወሬ በጽሑፍ ብቻ ነው እንዴ የሄደው? በገበያ፣ በታክሲ፣ በቡና ላይ ጭምር እንጂ! ስማርት ስልክ የሌላቸው እማማ ፍርሃታቸው ከቁጥሩ አይገባም፤ የከተማው ወጣት ቀልድ ግን ሺህ ጊዜ ይቆጠራል። ቁጥሩን አይቶ «ሕዝቡ ተረጋግቷል» ያለ ኃላፊ ጤና ትምህርቱን ቢያቀዘቅዘው፣ የሚጎዱት ያልተቆጠሩት ናቸው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ወረርሽኝ ቢነሳ፣ ተማሪዎቻችን ከቤትና ከገበያ የሰሙትን ጠዋት ጠዋት እንጠይቅ፤ የማንንም ስም ሳንጠቅስ በደብተር ጽፈን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንስጥ። የኮምፒዩተሩም ቁጥር ይምጣ፣ ከደብተሩ ጎን ይቀመጥ፤ ሁለቱ ሲጣሉ ሄዶ ሰውን መጠየቅ ነው። ሥራ ይበዛብናል የሚል ካለ፣ በዚሁ ግድግዳ ላይ ከጽሑፌ ጎን ባዶ ቦታ አለለት።