ገዢን ከበር የሚመልስ ሱቅ

አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወሩ ሐምሌ ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ገና ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለ፤ ሻንጣው ውስጥ ለአንድ ጥንድ ጫማ የሚሆን ቦታ በልመና ተገኝቷል። ታናሽ እህት ታላቋ በከፈተችው የመገበያያ አካውንት ልትገባ ኢሜይሉን ጻፈች፣ ፓስወርዱን ጻፈች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሱቁ ግን አላመናትም። ከማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ስልክ የመጣች እንግዳ ሆነችበትና ባለ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ኮድ ላከ። ኮዱ የሄደው ሜሪላንድ ውስጥ ከተኛችው ታላቅ እህት ራስጌ ወዳለው ስልክ ነው። «እህት ዓለም፣ አሁን ኮድ ይመጣልሻል፤ እንዳየሽው ላኪልኝ» የሚለው የቴሌግራም መልእክት የተነበበው ከ5 ሰዓት በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ኮዱ ካለፈበት ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ራሱን ነው። «ረስቼው ነው»፣ «እኔ እኮ ይሄ ነገር አይሆንልኝም» ይላል። ፓስወርድ መርሳት እርግጥ አለ። ይሁን እንጂ ከበር ከተመለሱት ገዢዎች ብዙዎቹ ያጠፉት ነገር የለም። በሩ የተሠራው አንድ ስልክ፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ ላለውና ከአገሩ ለማይወጣ ሰው ስለሆነ ነው።

በዚህ ነገር ላይ የታወቀ ታሪክ አለ። የድረ ገጽ አጠቃቀምን በማጥናት የሚታወቀው አሜሪካዊው ጃሬድ ስፑል በ2009 እ.ኤ.አ. ስሙን ያልጠቀሰውን የአንድ ትልቅ የኦንላይን ሱቅ ገጠመኝ ጽፎ ነበር። ገዢው ዕቃውን መርጦ፣ ቅርጫቱን ሞልቶ ሊከፍል ሲል አንዲት ትንሽ ቅጽ ትገጥመዋለች፤ ኢሜይል፣ ፓስወርድ፣ «ግባ» እና «ተመዝገብ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች፣ ከሥር «ፓስወርድ ረስተዋል?» የሚል ሊንክ። የሱቁ ሰዎች ቅጹ ለነባር ደንበኛ ነገር ያቀላል ብለው ነበር። አዲሶቹ ገዢዎች ግን ዕቃ ሊገዙ እንጂ ሊመዘገቡ እንዳልመጡ ተናገሩ። ነባሮቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገቡ አያስታውሱም። መዝገቡ ሲመረመር ከደንበኞቹ 45 በመቶው ከአንድ ጊዜ በላይ የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ፤ እስከ 10 አካውንት ያላቸውም ነበሩ። በቀን 160,000 ያህል ሰው የጠፋ ፓስወርድ ይጠይቃል። ከእነዚህ 75 በመቶው ወደ ግዢው ተመልሶ አይመጣም።

መፍትሔው ከአንድ ቁልፍ አላለፈም። «ተመዝገብ» የሚለው ተነሥቶ «ቀጥል» ተተካ፤ አጠገቡም ለመግዛት አካውንት መክፈት ግዴታ እንዳልሆነ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ሰፈረ። ገዝተው የሚወጡት ደንበኞች ቁጥር በ45 በመቶ አደገ። ሱቁ በመጀመሪያው ወር 15 ሚሊዮን፣ በመጀመሪያው ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሽያጭ አገኘ።

የአዲስ አበባ የቴሌግራም ነጋዴ ይህን ጥናት ሳያነብ ትምህርቱን ያውቀዋል። ፎቶ ይለጥፋል፣ ዋጋ ይጽፋል፣ «ኢንቦክስ» ይላል፤ የሚጠይቀው ስልክ ቁጥርና ሰፈር ነው። ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፣ ስክሪንሾቱ ይታያል፣ ዕቃው በሞተረኛ ይመጣል። ፓስወርድ የረሳ ደንበኛ አያውቅም፤ ፓስወርድ ጠይቆ አያውቅማ! ጣጣው የሚመጣው ዕቃው ሲበላሽ ነው። ያን ጊዜ ደረሰኝ የለም፣ የትዕዛዝ ታሪክ የለም፣ አንዳንዴ ቻናሉም የለም። አካውንት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ጥያቄው ከግዢ በፊት ለምን ግዴታ ይሆናል የሚለው ነው።

ሱቆቹም ያለ ምክንያት አልጨከኑም። አካውንቱ ውስጥ የባንክ ካርድ ቁጥር፣ የቤት አድራሻና የግዢ ታሪክ ተቀምጧል። ሌቦች ከአንድ ድረ ገጽ ያፈተለኩ ኢሜይልና ፓስወርዶችን ሰብስበው በአውቶማቲክ ፕሮግራም በሌሎች ሱቆች በር ላይ በብዛት ይሞክራሉ። አንድ ፓስወርድ አምስት ቦታ የሚጠቀም ሰው በአንዱ ሲዘረፍ በአምስቱም ይዘረፋል። ፓስወርድ መሰረቅም አዲስ ነገር አይደለም። በኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ሥራ የጀመረው በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ውስጥ በፈርናንዶ ኮርባቶ ቡድን እንደሆነ ይነገራል። በማግስቱ ዓመት አለን ሼር የተባለ ተማሪ የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት አልበቃው ስላለ የሁሉንም ፓስወርድ የያዘውን ፋይል አሳትሞ ወሰደ።

ስለ ፓስወርድ የወጣው ደንብም ራሱ ሰውን አሳስቷል። ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ በየ3 ወሩ መቀየር፦ ይህ ሁሉ የተስፋፋው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነው። ያንን ምክር የጻፉት ቢል በር በ2017 እ.ኤ.አ. ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጡት ቃል በአብዛኛው እንደሚጸጸቱበት ተናግረዋል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን አሻሽሎ በየጊዜው በግዴታ መቀየርንና የምልክት ድብልቅን ተወ። ብዙ ሱቆች ግን ዛሬም በአሮጌው ደንብ ይሠራሉ። ደንበኛው በመጨረሻዋ ፊደል ላይ 1 ቁጥርና ቃለ አጋኖ ጨምሮ ያልፋል፤ በወሩ የትኛውን እንደጨመረ ይጠፋበታል።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ በሩ ላይ የራሱ ተጨማሪ እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚሰጡት የማረጋገጫ አፖች፣ ኮዱን የሚያሰሉት ከምስጢራዊ ቁልፍና ከሰዓት ነው። ስልኩን በእጁ አስተካክሎ ጠዋት 9:00 ማለት ሲገባው 3:00 ያደረገ ሰው፣ አፑ የሚሰጠው ኮድ በሱቁ ዘንድ የ6 ሰዓት ስሕተት ይሆናል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ደግሞ ይብስበታል። ስልኩ ወደ ኋላ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚመለስ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ይመስለዋል፤ ብራውዘሩም ገጹ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አይከፍትም። ሰዓቱን «አውቶማቲክ» ማድረግ ሁለቱንም ይፈታል። የኢትዮጵያን ሰዓት ማየት የሚፈልግ ለዚያ የተሠራ አፕ መጫን ይችላል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። አካውንት ሲከፈት በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ቀን፣ ከዓመታት በኋላ ሱቁ ሲጠይቅ ከፓስፖርት ላይ ተገልብጦ ይሰጥና አይገጥምም። ሦስተኛው ኪቦርድ ነው። የአማርኛው ኪቦርድ ሳይቀየር ቀርቶ የፓስወርዱ ሣጥን ነጠብጣብ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሰውየው ግዕዝ እየጻፈ መሆኑን ሳያውቅ ሦስት ጊዜ ይሞክርና ይቆለፍበታል። አራተኛው ስልክ ቁጥር ነው። አገር ውስጥ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ቁጥር፣ 251 ሲቀድምለት ዜሮውን ይጥላል። ዜሮው ሳይጣል ከተጻፈ ሱቁ የሚልከው ኮድ ላይደርስ ይችላል። የራስን ስም በላቲን ፊደል መጻፍም ቀላል አይደለም። የ«ጸ»ን ድምፅ አንዱ በሁለት፣ ሌላው በሦስት ፊደል ይጽፈዋል፤ ከስም የተሠራ ኢሜይልም እንዲሁ ይምታታል።

ቪፒኤንም አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተዘግተው በነበረ ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን ጫነ። ከዚያ ወዲህ ሳያጠፋው የሚገበያይ አለ። ቦሌ ተቀምጦ ለሱቁ አምስተርዳም ያለ ይመስላል፤ በማግስቱ ፍራንክፈርት። የሱቁ ጥበቃ ይህን ሲያይ «ሮቦት አይደለሁም» ከሚለው የሥዕል ጥያቄ ጀምሮ እስከ መቆለፍ ይሄዳል።

ከሁሉም የከፋው ግን የጠፋ ስልክና የሞተ ኢሜይል ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ሴት፣ አካውንቷ የታሰረው እዚያ በቀረው ሲም ካርድ ላይ ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 በአሜሪካ ለአዲስ ደንበኞች የቀረቡ 259 ስልክ ቁጥሮችን መርምረው፣ 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ከነበሩ አካውንቶች ጋር የተያያዙ ሆነው አገኟቸው። ኢሜይልም ያረጃል። ያሁ በ2013 እ.ኤ.አ. ለ12 ወራት ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ጉግል ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ 2 ዓመት ያልተነኩ የግል አካውንቶችን ማጥፋት ጀመረ። በኢንተርኔት ካፌ ዘመን በተከፈተ ያሁ ላይ የተመዘገበ ሰው፣ የፓስወርድ መቀየሪያ ሊንኩ የሚላክለት ባለቤት ወደሌለው ቤት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በር ላይ የቆመ ሰው ከየት ይጀምር? ከፓስወርዱ በፊት አካውንቱን ማጣራት ይቀድማል። በኢሜይሉ ሣጥን ውስጥ የሱቁን የቆየ ደረሰኝ ቢፈልግ፣ በየትኛው አድራሻ እንደተመዘገበ ይነግረዋል። «በጉግል ግባ» የሚለውን ተጭኖ የከፈተው ከሆነ ደግሞ በሱቁ ዘንድ ፓስወርድ ላይኖረው ይችላል፤ የሌለውን ነገር ሲያስታውስ ሊውል ነው። ሱቁ «ኢሜይሉ ወይም ፓስወርዱ ተሳስቷል» ብሎ የትኛው እንደሆነ የማይለየው፣ ማን ደንበኛው እንደሆነና እንዳልሆነ ለሌባ ላለመጠቆም ነው። ስለዚህ መልእክቱ ስለ ፓስወርዱ ምንም ላይነግረው ይችላል።

ቀጥሎ በፓስወርዱ ሣጥን ያለውን የዓይን ምልክት ነክቶ የጻፈውን ያያል፤ ስልኩ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ አድርጓት ይሆናል፣ ወይም ሲገለበጥ ከኋላ ባዶ ቦታ ተከትሎ ይሆናል። ቪፒኤኑን ያጠፋል፣ ሰዓቱን ያያል፣ በሌላ ብራውዘር ይሞክራል። ኮድ ሲዘገይ ደጋግሞ አለመጠየቁ ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተላከው ዘግይቶ ሲደርስ ያንን ሞልቶ ሌላ ስሕተት ይመዘገብበታል። አካውንቱን ለማስመለስ ደግሞ ሱቁ የሚያውቀው ስልክና የቤት ኢንተርኔት ከሁሉ የተሻለ ምስክር ናቸው። የደንበኞች አገልግሎት ቁጥርን ከፌስቡክ ላይ የወሰደ ሰው ግን ሌባ ሊያገኝ ይችላል። ደውሎ «የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሁሉ አካውንቱን ሊወስድ የመጣ ነው።

ሱቆቹም የቤት ሥራ አላቸው። አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. በጋራ ያስተዋወቁት ፓስኪ፣ ፓስወርዱን አስቀርቶ በስልኩ የጣት አሻራ ወይም መክፈቻ ያስገባል፤ አማዞንም በ2023 ተቀብሎታል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንንም አይቀሰቅስም። ሲም ካርዷ ጠፍቶ፣ ኢሜይሏ ሞቶ ለመጣች ደንበኛ ግን ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ የሚያናግራት ሰው። አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸውን የኦንላይን ሱቅ የሚከፍቱትም ቅጹን እንዳለ ከውጭ ከመገልበጥ ይልቅ መጀመሪያ ቢሸጡ፣ አካውንቱን ከደረሰኙ በኋላ ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ታናሽ እህት ጫማውን ሜሪላንድ አላዘዘችም። ታላቋ ኮዱን ስትልክላት እሷ ቴሌግራም ላይ ሌላ ነጋዴ እያናገረች ነበር። ነጋዴው የጠየቃት ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

«እህት፣ ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊው?»

«38።»