ዋጋው ሳይነገር የሚጀመር ሥራ

ጂዳና መካ ውስጥ የቤት ጥገና ወቅት አለው። የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ሲበረታ የጂዳ ነዋሪ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ረመዳንና ሐጅ ሲቃረቡ ደግሞ መካ ውስጥ ቀለም ቀቢው፣ የቧንቧ ሠራተኛውና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከቤት ወደ ቤት ይጠራሉ። በዚያ ጥድፊያ መካከል የዋጋ ጥያቄ ሲነሣ ከሁለቱም ወገን የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ግድ የለም፣ አንጣላም»። ቃሉ ከጨዋነት የመነጨ ነው። ሆኖም ሥራው ሲያልቅ ባለሙያውንና የቤቱን ባለቤት የሚያጣላው ይኸው ቃል ነው።

የጠቡ አካሄድ የታወቀ ነው። የቤቱ ባለቤት ማቀዝቀዣው ጋዝ ብቻ እንደጎደለው ያስባል፤ ባለሙያው ፈትቶ ሲያየው ቱቦው ተበስቶ ወይም ኮምፕረሰሩ ተቃጥሎ ያገኘዋል። ዋጋው የሚነገረው መሣሪያው ወለል ላይ ተበታትኖ፣ ቤተሰቡም በሙቀት ተጨንቆ ሳለ ነው። በዚያች ሰዓት የቤቱ ባለቤት እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ማቀዝቀዣው መሥራት ሲጀምር ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ባለሙያው የሠራውን ነቅሎ ሊወስድ አይችልም፤ የቤቱ ባለቤት «በዛ» ብሎ ግማሹን ሊያስቀርበት ይችላል። እንግዲህ ዋጋን ማዘግየት ለማንም አይበጅም፤ በየተራው አንዱን በሌላው እጅ ላይ ይጥላል።

በቀድሞው ሒጃዝ የእጅ ሙያ በየዘርፉ የራሱ ሼኽ ነበረው። በባለሙያና በደንበኛ መካከል ክርክር ሲነሣ የሙያውን ልማድና የተለመደውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው አይታጣም ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የጥንቷ ጂዳ የኮራል ድንጋይ ቤቶችና የእንጨት መስኮቶች የእነዚያ ባለሙያዎች የእጅ ሥራ ናቸው። ዛሬ ባለሙያው የሚገኘው በስልክ ነው። እርሱና የቤቱ ባለቤት አይተዋወቁም፤ ሁለቱን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰውም የለም። የቃል ስምምነት ምስክር በነበረበት ዘመን ይበቃ ነበር፤ ምስክሩ ከቀረ በኋላ ግን ቦታውን የሚተካ ነገር ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ቅጥር ሲያስተምሩ ሥራውም ዋጋውም አስቀድሞ የታወቀ መሆን እንዳለበት ይገልጻሉ። ዋጋው ሳይወሰን ሥራው ከተፈጸመ ለሠራተኛው «ኡጅረቱል ሚስል»፣ ማለትም ለመሰል ሥራ በአካባቢው የሚከፈለው ዋጋ ይገባዋል ይላሉ። ይህ ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚፈለግ መውጫ ነው እንጂ ዋጋን ሳይነጋገሩ ሥራ ለመጀመር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ የሚናገረው በጊዜ ስለሚከፈል ዕዳ መጻፍ ነው፤ የገንዘቡ ማነስም ከመጻፍ እንዳያዘናጋ ያሳስባል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ማስተማራቸው ይታወቃል። ሁለቱ ትምህርቶች ተደጋጋፊ ናቸው፤ ቶሎ ለመክፈል ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋልና።

ሥራው ትልቅ ሲሆን የቀብድ ጥያቄ ይነሣል። የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ወይም የብረት በር የታዘዘ ባለሙያ በራሱ ገንዘብ እንጨትና ብረት ገዝቶ ትእዛዙ ቢሰረዝበት ኪሳራው የእርሱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህም በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ አናጢ ያለ ቀብድ እምብዛም ሥራ አይጀምርም። መቀመጫው ጂዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያችው ከተማ ባካሄደው ጉባኤ በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃ ዓይነቱ፣ መጠኑና የሚረከብበት ጊዜ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚገባ፣ ዋጋውም በተወሰነ ጊዜ ተከፋፍሎ ሊከፈል እንደሚችል ወስኗል። በቀጣዩ ዓመት በ1993 ደግሞ ቀብድ የጥበቃው ጊዜ እስከተወሰነ ድረስ የተፈቀደ መሆኑን፣ ግዢው ከተፈጸመ ከዋጋው እንደሚታሰብ፣ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ግን ለሻጩ እንደሚቀር ደንግጓል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ክፍያን ከሥራው ደረጃ ጋር ማያያዝ ነው። ሁሉም በቅድሚያ ከተከፈለ የቤቱ ባለቤት ዋስትና ያጣል፤ ሁሉም ለመጨረሻ ከተተወ ባለሙያው ያጣል። የዕቃ መግዣው በቀብድ፣ ቀጣዩ ዕቃው ሲገጠም፣ የቀረው ተፈትሾ መሥራቱ ሲረጋገጥ ቢከፈል ሁለቱም እኩል ይጠበቃሉ። ለአነስተኛ ጥገናም ቢሆን ሦስት ነገሮች ተለይተው መነገር አለባቸው፤ መጥቶ የማየቱ ዋጋ፣ የመለዋወጫው ዋጋና የእጅ ዋጋው። መለዋወጫው በደረሰኝ ከተገዛ የብዙ ጥርጣሬ ምንጭ ይደርቃል።

የክፍያው መንገድም እንደ መጠኑ ሁሉ ትኩረት ይሻል። በሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2020 ጀምሮ የችርቻሮ ንግድ ቤቶች ሁሉ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ክፍያ እንዲቀበሉ ግዴታ ተጥሏል። በ2021 ሥራ የጀመረው «ሰሪዕ» የተባለው ሥርዓት ከአንድ ባንክ ወደ ሌላው ገንዘብን ወዲያውኑ ያደርሳል። በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ክፍያ ሲካድ ማስረጃ የለውም፤ በባንክ የተላለፈ ግን ቀኑንና ስሙን ይዞ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በአሠሪ ስም ኢቃማ የያዘ የውጭ አገር ሠራተኛ ለራሱ ሒሳብ እንዲሠራ የሥራ ሕጉ አይፈቅድም፤ ክፍያው መግባት ያለበት ፈቃድ ባለው የጥገና ድርጅት ስም ነው። «በጓደኛዬ ሒሳብ አስገባልኝ» የሚለው ልመና ለሦስቱም ወገን አደጋ አለው። በ2020 የወጣው በሰው ስም መነገድን የሚከለክለው ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ይደነግጋል። በደግነት ሒሳቡን ያዋሰ ወገንም ከደመወዙ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ ከየት እንደገባለት ሲጠየቅ መልስ ያጣል።

በዋጋው ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርም የታክስ ቁጥር ያለበትን ደረሰኝ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው፤ ይህን ታክስ ማስከፈል የሚችለው ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ ብቻ ነውና።

«ጽሑፍ መጠየቅ አለመተማመንን ያሳያል» የሚሉ አይጠፉም። በሐበሻ ዘንድ በተለይ ከአገር ልጅ ጋር ስለ ገንዘብ አስቀድሞ መነጋገር እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ዝምድናን የሚያፈርሰው አስቀድሞ የተነገረ ዋጋ ሳይሆን በመጨረሻ የሚመጣው ያልታሰበ ሒሳብ ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሥራውን ተረክቦ «ነገ ና» እያሉ ማመላለስ ነው። ለቤቱ ባለቤት መቶ ሪያል ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለባለሙያው ግን የሳምንቱ አስቤዛ ነው፤ ዋጋውን ለመለመን የሚመላለስበት ቀንም ሌላ ሥራ የሚያጣበት ቀን ነው።

ክርክር ከተነሣ በንግድ ቤቶች ላይ አቤቱታ ለማቅረብ የንግድ ሚኒስቴር 1900 የስልክ መስመር፣ ለዕርቅ ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር «ተራዲ» የተባለው አገልግሎት አለ። እዚያ ለመድረስም ቢሆን በእጅ ላይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ረጅም ውል መሆን የለበትም። ሥራው ምን እንደሆነ፣ የዕቃው ዋጋ፣ የእጅ ዋጋው፣ የሚያልቅበት ቀንና ክፍያው በማን ስም እንደሚገባ የሚገልጽ አምስት መስመር የስልክ መልእክት ይበቃል። አንዱ ጽፎ ይልካል፤ ሌላው «ተስማምቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። መሣሪያው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ይሁን።